ከቤተ ክርስቲያን የወጣ አግዳሚ



ባለፈው ዓመት እንግሊዝ አገር ከምትኖር አንዲት እኅት ፎቶግራፍ ደረሰኝ። በምግብ ጠረጴዛዋ አጠገብ ረጅም የእንጨት አግዳሚ ወንበር ይታያል። ከጀርባው የመዝሙር መጽሐፍ ማስቀመጫ ጠባብ መደርደሪያ አለው፤ በጫፉ ላይ ደግሞ 27 የሚል ቁጥር ያለባት ትንሽ ክብ ምልክት ተለጥፋለች። ዌልስ ውስጥ ከተዘጋ የጸሎት ቤት የወጣ አግዳሚ ነው። አሮጌ የሕንፃ ዕቃ ከሚሸጥበት ግቢ ገዝታ፣ አጥባ፣ ሰም ቀብታ ነው ቤቷ ያስገባችው። ልጆቿም ወደዱት።

ችግሩ የመጣው እናቷ የልጅ ልጆቻቸውን ለማየት ከአዲስ አበባ በሄዱ ጊዜ ነው። እናትየው በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ያደጉ፣ ንዋያተ ቅድሳትን በእጃቸው ለመንካት እንኳ የሚፈሩ ሴት ናቸው። አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ቡና እየጠጡ ከየት እንደ መጣ ጠየቁ። ሲነገራቸው ሲኒውን አስቀምጠው ተነሡ። "የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ላይ ነው ምሳ የምትበሉት? እኔስ አልቀመጥበትም" አሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከሳሎን ወንበር እየሳቡ መቀመጥ ያዙ። እኅታችንም "ፓስተር፣ ኃጢአት ሠርቼ ይሆን?" ብላ ጻፈችልኝ።

እኔ በችኮላ "እኅቴ፣ እንጨት እንጨት ነው፤ አትጨነቂ" ብዬ መለስኩላት። መልሱ ሐሰት አልነበረም። ነገር ግን ከላክሁት በኋላ ልቤ አላረፈም። በነገረ መለኮት ኮሌጅ የተሐድሶን ታሪክ ስንማር ስለ እምነትና ስለ ጸጋ ተከራክረናል፤ ከየአጥቢያው የወጣው ዕቃ የት እንደ ገባ ግን ጠይቀን አናውቅም። ስለዚህ መጻሕፍቴን አወረድኩና መፈለግ ጀመርኩ። ያገኘሁትን ዛሬ ለእናንተ አካፍላለሁ። (የውጭው አገር ታሪክ ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሁለት ቤቶች

መጽሐፍ ቅዱስ ከእግዚአብሔር ማደሪያ የወጣ ዕቃ ስለ ገባባቸው ሁለት ቤቶች ይነግረናል።

የመጀመሪያው የባቢሎን ንጉሥ የብልጣሶር አዳራሽ ነው (ዳንኤል 5)። ናቡከደነፆር ከኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ የማረካቸውን ዕቃዎች ንጉሡ አስመጣና ከመኳንንቱ ጋር የወይን ጠጅ ጠጣባቸው፤ እየጠጡም ከወርቅና ከብር፣ ከእንጨትና ከድንጋይ የተሠሩ አማልክትን አመሰገኑ። በዚያው ሰዓት በግድግዳው ላይ የሚጽፍ እጅ ታየ፤ በዚያችም ሌሊት ንጉሡ ተገደለ።

ሁለተኛው የጌት ሰው የአቢዳራ ቤት ነው (2 ሳሙኤል 6)። ዖዛ ታቦቱን በመንካቱ ሲቀሠፍ ዳዊት ፈራ፤ ታቦቱን ወደ ከተማው ማስገባቱን ትቶ ወደ አቢዳራ ቤት አገባው። ታቦቱ በዚያ ሦስት ወር ተቀመጠ። ንጉሥ የፈራውን ዕቃ የተቀበለው ያ ቤት አልተቀሠፈም፤ እግዚአብሔር ቤተሰቡን ሁሉ ባረከ።

በእርግጥ አግዳሚ ታቦት አይደለም፤ የጌታ እራት ጽዋም አይደለም። ሆኖም እነዚህ ሁለት ቤቶች አንድ ነገር ያስተምሩናል። ከመቅደስ የወጣው ዕቃ በሁለቱም ቤት ገብቷል፤ በአንዱ ፍርድ፣ በሌላው በረከት ሆኗል። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ ዕቃው ከወጣ በኋላ ምን ሆነ የሚለው ነው፤ መውጣቱ ብቻውን አያረክሰውም። ታሪክም ይህንኑ ሲደጋግም አየሁ።

በሊንከንሻየር የተጻፈው መዝገብ

በ1547 የዘጠኝ ዓመቱ ልጅ ኤድዋርድ 6ኛ በእንግሊዝ ነገሠ፤ በዙሪያው የነበሩት ሰዎችም ተሐድሶውን በፍጥነት ገፉት። በ1550 የለንደኑ ጳጳስ ኒኮላስ ሪድሊ በሀገረ ስብከቱ የድንጋይ መሠዊያዎች ወጥተው በምትካቸው የእንጨት ጠረጴዛ እንዲቆም አዘዘ። በ1552 እና በ1553 የንጉሡ መልእክተኞች በየአጥቢያው እየዞሩ የብሩን ጽዋ፣ የሐር ካባውን፣ ደወሉን ሁሉ መዘገቡ፤ ለአገልግሎት የሚበቃ ጥቂት ዕቃ ብቻ እየተዉ የቀረው ለንጉሡ ግምጃ ቤት እንዲገባ ተወሰነ።

ሁሉም ግን ግምጃ ቤት አልገባም። ፒተር ሄይሊን የተባለው የታሪክ ጸሐፊ ከመቶ ዓመት በኋላ በ1661 ባሳተመው መጽሐፉ፣ የብዙ ሰዎች ሳሎን በመሠዊያ ጨርቅ እንዳጌጠ፣ ጠረጴዛቸውና አልጋቸው በካህናት ካባ እንደ ተሸፈነ፣ አንዳንዶችም በቁርባን ጽዋ መጠጥ እንደ ጠጡ ጽፏል። ከዚህ የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ትንሽ እንኳ የሌለበት ቤት እንደ ድሃ ቤት ይቆጠር ነበር ይላል። ሄይሊን ራሱ ያነሣው ምሳሌ ብልጣሶርን ነው። ሰውዬው የፒዩሪታኖች ተቃዋሚ ስለ ነበር ነገሩን አጋኖት ሊሆን ይችላል ብዬ አሰብኩ። ግን ከእሱ በፊት የተጻፈ፣ ደረቅና ቀዝቃዛ የሆነ ሌላ ማስረጃ አለ።

በንግሥት ኤልሳቤጥ ዘመን በ1561 በየቤተ ክርስቲያኑ ከጉባኤውና ከመሠዊያው መካከል ከፍ ብሎ የሚሠራው፣ የስቅለቱን ምስል የሚሸከመው የእንጨት ሰገነት እንዲፈርስ ትእዛዝ ወጣ። በ1566 ደግሞ በሊንከንሻየር አውራጃ የአጥቢያ ዕቃ ኃላፊዎች ተጠርተው እያንዳንዱ የቀድሞ ዕቃ ምን እንደ ተደረገ በዝርዝር እንዲናገሩ ተደረገ። የ150 ያህል አጥቢያዎች ምላሽ ተጽፎ ቀረ፤ በ1866 ኤድዋርድ ፒኮክ የተባለ ሰው አሳተመው።

መዝገቡን ስታነቡ አንድም ስብከት አታገኙበትም። እገሌ የሰገነቱን እንጨት ገዝቶ አልጋ ሠራበት። ሌላው የሽመና ዕቃ አደረገው። ካባው ተቀዶ የአልጋ መጋረጃና ትራስ ሆነ። የመሠዊያው ድንጋይ ለመረማመጃ ተነጠፈ። የጸበሉ ድንጋይ የአሳማ መመገቢያ ገንዳ ሆነ። አንዱ የእጅ ደወል ተቀልጦ ሙቀጫ ሆኖ ተሠራ፤ ቃጭሉ በከብት አንገት ላይ ታሰረ።

ወገኖቼ፣ እኔ የተሐድሶው ልጅ ነኝ። ንጉሥ ሕዝቅያስ ሕዝቡ የሚያጥንለትን የናስ እባብ እንደ ሰባበረ አውቃለሁ (2 ነገሥት 18፥4)፤ ሙሴ ራሱ የሠራው ቢሆንም ጣዖት ሆኗልና። ለምስል መንበርከክ ይቅር ያሉትን አባቶች አልወቅስም። ሸማኔውንም አልወቅስም፤ ጥሩ የኦክ እንጨት በርካሽ ሲያገኝ ለሥራው አዋለው፤ ድሃ ሰው ምን ያድርግ? ነገር ግን ቃጭሉን በላም አንገት ማሰር የሽመና ዕቃ እንደ መሥራት አይደለም። ትናንት ጎረቤቱ በዚያ ቃጭል ድምፅ አንገቱን ደፍቶ ይጸልይ ነበር። ዛሬ ላሟ በመንደሩ ስታልፍ ያው ድምፅ ይሰማዋል። የስብከት ቃል ሊያሳምነው ያልቻለውን ጎረቤት በላም ዝም ማሰኘት ነው።

ሌላም ነገር አስተዋልኩ። ሕዝቅያስ እባቡን ሰበረ እንጂ ናሱን ወደ ቤቱ አልወሰደም። በዚያ ላይ የተዘጋውን የቤተ መቅደስ ደጅ ከፈተ፤ አባቱ አካዝ የጣላቸውን ዕቃዎች አዘጋጅቶ መለሰ (2 ዜና 29)። መስበር ብቻውን ተሐድሶ አይሆንም። ከሰበርን በኋላ ብሩ ማን ኪስ ገባ ብሎ የሚጠይቅ ነቢይ ያስፈልገናል።

በአልጋ ሥር የተቀመጠው

በዚያው ዘመን ሌላ ዓይነት ቤትም ነበር። በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ በደቨን አውራጃ፣ ሞርባዝ የምትባል ሠላሳ ሦስት ያህል አባወራ ያላት ትንሽ የበግ አርቢዎች መንደር ነበረች። ካህኗ ክሪስቶፈር ትሪኪ ከ1520 እስከ 1574 ለሃምሳ አራት ዓመታት በዚያች አንዲት መንደር አገለገለ። የአጥቢያውን ሒሳብ በእጁ እየጻፈ ለሕዝቡ ጮክ ብሎ ያነብ ነበር፤ መዝገቡ ዛሬም አለ። የታሪክ ምሁሩ ኤማን ደፊ በ2001 ስለዚህ መንደር አንድ ሙሉ መጽሐፍ ጽፏል።

ትሪኪ ለቀብር አገልግሎት የሚሆን ጥቁር የካህን ልብስ ለመግዛት ሃያ ዓመት ያህል ሳንቲም አጠራቀመ። ልብሱ የተገዛው በ1547 ነው፤ ልክ ያ ሁሉ ሊከለከል ሲል። በሚቀጥሉት ዓመታት ሞርባዝም እንደ ሌሎቹ ዕቃዋን ሸጠች፣ በተነች። ነገር ግን በ1553 ኤድዋርድ ሞቶ ማርያም ስትነግሥ አንድ አስገራሚ ነገር ተፈጸመ። የመንደሩ ሰዎች አንድ በአንድ እየመጡ ቤታቸው ያስቀመጡትን ዕቃ መለሱ። አንዱ ምስል፣ አንዱ መጽሐፍ፣ ሌላው የሰገነቱን እንጨት ቁራጭ ይዞ መጣ። እኩሌታው ገንዘብ ከፍሎ የገዛው ነበር።

በትምህርተ እምነት ከእነዚህ ሰዎች ጋር አልስማማም። የመለሱት ምስል በመንደሬ ቢሆን እንዲቆም አልፈልግም። ነገር ግን ታማኝነታቸው ያሳፍረኛል። ዕቃውን ቤታቸው ሲያስገቡ የእነሱ እንዳልሆነ አወቁ። ይህ ዕዝራን ያስታውሰኛል። ቂሮስ ናቡከደነፆር የማረካቸውን ዕቃዎች ሲመልስ አንድ በአንድ ተቆጥረው ነበር፤ 5,400 የወርቅና የብር ዕቃዎች (ዕዝራ 1፥11)። ለሰባ ዓመት ያህል በባዕድ አገር ሲቀመጡ ባለቤታቸው አልተለወጠም።

ቁጥር 27

አሁን ወደ እኅታችን አግዳሚ ልመለስ። በጫፉ ላይ ያለችው ቁጥር ለምን እንደ ተለጠፈች እኅታችን አታውቅም ነበር። ልጆቹ የታክሲ ቁጥር መስላቸው ነበር።

በጥንት ዘመን በእንግሊዝ አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ ሕዝቡ የሚያመልከው በአብዛኛው ቆሞ ወይም ተንበርክኮ ነበር፤ የኦርቶዶክስ ወገኖቻችን በመቋሚያ ተደግፈው እንደሚቆሙት ማለት ነው። አግዳሚዎች በስፋት የገቡት በመካከለኛው ዘመን መጨረሻ ነው። ከተሐድሶ በኋላ ስብከቱ ረዘመ፣ ሕዝቡም ተቀምጦ የሚያዳምጥበት ቦታ የግድ ሆነ። ይህ መልካም ነበር። ግን ብዙም ሳይቆይ መቀመጫው ዋጋ ወጣለት። በ17ኛውና በ18ኛው መቶ ዓመት ሀብታም ቤተሰቦች ዙሪያውን በሳንቃ የታጠረ፣ በርና ቁልፍ ያለው መቀመጫ አሠሩ። በአንዳንዱ ውስጥ የእሳት ምድጃ ሳይቀር ነበር። ብዙ አብያተ ክርስቲያናት፣ ከእኛው ወገን የሆኑት የሜቶዲስት፣ የባፕቲስትና የፕሬስቢቴሪያን ጉባኤዎችም ጭምር፣ መቀመጫውን በዓመት ማከራየት ያዙ። ከኪራዩ የአገልጋዩ ደመወዝና የሕንፃው ጥገና ይሸፈን ነበር። ቁጥሩ የተለጠፈው ለዚህ ነው። 27 ቁጥር የተከራየው ቤተሰብ የትኛው እንደ ሆነ መዝገብ ያዡ ያውቃል። ያልከፈለ ሰው ከኋላ ወይም ከሰገነቱ ላይ ለድሆች በተተወው ነጻ ቦታ ይቀመጣል።

ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 2 ላይ የወርቅ ቀለበት ላደረገው መልካሙን ስፍራ እየሰጡ ድሃውን ከእግር በታች ስለሚያስቀምጡ ሰዎች የጻፈው ለእነዚህ ጉባኤዎች የተላከ ይመስላል። መጽሐፉ ደግሞ በየአግዳሚው መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ነበር።

ከዚህ የከፋም ሆኗል። በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በአሜሪካ ፊላደልፊያ ከተማ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን፣ ጥቁር አማኞች ወደ ሰገነቱ እንዲወጡ ተደረገ። አንድ እሑድ ተንበርክከው ሳሉ፣ ጸሎቱ ገና ሳያልቅ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ኃላፊዎች አብሳሎም ጆንስን ይዘው ከጉልበቱ ሊያነሡት ታገሉ፤ የተቀመጠበት ስፍራ ለእሱ አልተፈቀደምና። ጆንስ ጸሎቱ እስኪያልቅ እንዲተዉት ለመነ፤ እምቢ አሉ። ጸሎቱ ሲያልቅ ጆንስና ሪቻርድ አለን ከወገኖቻቸው ጋር ተነሥተው ወጡ። አለን በኋላ አሮጌ የብረት ቀጥቃጭ ሱቅ ገዝቶ በፈረስ አስጎትቶ በራሱ ቦታ ላይ አቆመው። በ1794 የተመረቀችው ቤቴል ቤተ ክርስቲያን የተጀመረችው በዚያ ሱቅ ነው። አስተውሉ፤ በአማረው ቤተ ክርስቲያን መቀመጫ ላይ ጸሎት ተከልክሎ፣ ብረት ሲቀጠቀጥበት በኖረ ሱቅ ውስጥ ጸሎት ተፈቀደ።

እግዚአብሔር በየዘመኑ ይህን የሚቃወሙ ሰዎችን አስነሥቷል። በእንግሊዝ በ1839 የተመሠረተው የካምብሪጅ ካምደን ማኅበር፣ በተለይም ጆን ሜሰን ኒል፣ በር ባለው መቀመጫ ላይ ዘመቻ ከፈቱ። በአሜሪካ በ1860 ቢ. ቲ. ሮበርትስና ባልደረቦቹ የመሠረቱት ፍሪ ሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን "ነጻ" የሚለውን ስም የያዘበት አንዱ ምክንያት መቀመጫው ለሁሉ ያለ ክፍያ እንዲሆን ነው። በእንግሊዝ በሩ ያላቸው መቀመጫዎች ሲፈርሱ አሮጌው የኦክ ሳንቃ ወደ መኖሪያ ቤቶች ገብቶ የግድግዳ ልባስ ሆኗል። የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ወደ ቤት መግባቱ እንግዲህ አዲስ ነገር አይደለም።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ አሰብኩ። የእኅታችን እናት ዕቃው ከቤተ ክርስቲያን በመውጣቱ የረከሰ መስሏቸው ነበር። ይህ አግዳሚ ረክሶ ከሆነ ግን የረከሰው ገና ከመድረኩ ፊት ሳለ፣ ቁጥሩ በተለጠፈበት ቀን ነው።

የዌልስ መነቃቃትና የተሸጡ አግዳሚዎች

አግዳሚው የወጣበት አገር ታሪክ ደግሞ ልብ ያሳዝናል። በ1904 በደቡብ ዌልስ፣ ሎኸር በምትባል ከተማ፣ ሞሪያ በተባለ የጸሎት ቤት፣ የሃያ ስድስት ዓመቱ የቀድሞ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ሠራተኛ ኢቫን ሮበርትስ ከጥቂት ወጣቶች ጋር መጸለይ ጀመረ። መነቃቃቱ እንደ ሰደድ እሳት ተዛመተ። ወደ 100,000 የሚጠጉ ሰዎች ወደ ጌታ እንደ መጡ ይገመታል። ማዕድን ቆፋሪዎች ከሥራ ሲወጡ ከሰሉን ሳይታጠቡ ወደ ጸሎት ቤት ይገቡ ነበር።

የዌልስ ጸሎት ቤቶችን ያየ ሰው ያውቃቸዋል። ግድግዳው ቀላል፣ ምስል የሌለበት ነው። ከፍ ካለው መስበኪያ ሥር ዲያቆናት የሚቀመጡበት "ሴት ቫውር" የሚባል፣ ትልቁ መቀመጫ ማለት የሆነ፣ በእንጨት የታጠረ ስፍራ አለ። አግዳሚዎቹ ብዙ ጊዜ ሙጫ ከበዛበት ቢጫማ ጥድ ይሠራሉ። ዝናብ የማይጠፋበት አገር ስለ ሆነ በአንዳንዶቹ ጫፍ ላይ የጃንጥላ ማቆሚያና ውሃው የሚንጠባጠብበት ትንሽ የብረት ሳሕን ተሰክቷል። የመዝሙሩ መደርደሪያም በብዙ ትውልድ እጅ ተሽቶ ያበራል።

ዛሬ ከእነዚህ ጸሎት ቤቶች ብዙዎቹ ተዘግተዋል። አንዳንዱ መኖሪያ ቤት፣ አንዳንዱ ሱቅ፣ አንዳንዱ መጋዘን ሆኗል። በእንግሊዝም እንዲሁ ነው፤ በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ሥር ብቻ ከ1969 ወዲህ ከ1,500 በላይ አብያተ ክርስቲያናት ተዘግተዋል። ዕቃው ወደ ነጋዴዎች ግቢ ይሄዳል። ረጅሙ አግዳሚ ለወጥ ቤት እንዲመች ተቆርጦ ያጥራል። የመጽሐፍ ኪስ ያላቸው ትንንሽ ወንበሮች የምግብ ወንበር ይሆናሉ። መስበኪያው የሆቴል መቀበያ ጠረጴዛ ሲሆን ታይቷል። ገዢው በእንጨቱ ውበት ይደሰታል፤ ደስታውም ክፉ አይደለም። እኔን የሚያስጨንቀኝ ከመነቃቃቱ ዘመን የተረፈው እንጨቱ ብቻ መሆኑ ነው።

የእናቴ አግዳሚ

የእኛም አገር አማኞች ይህን ታሪክ በሌላ መልኩ ያውቁታል። በ1974 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን ሲዘጋ መሪዎቹ ታሰሩ፣ ሕንፃዎቹና ንብረቱ ተወረሱ። በዚያን ጊዜ የአባላቱ ቁጥር ወደ 5,000 ነበር። በ1983 ዓ.ም. ቤተ ክርስቲያኒቱ ከቤት ስትወጣ ወደ 34,000 ሆነው ተገኙ። ያለ ሕንፃ፣ ያለ መድረክ፣ ያለ አግዳሚ።

እኔ ያን ጊዜ ልጅ ነበርኩ። የምንሰበሰብባት አጥቢያ ተዘግታ አግዳሚዎቿ ተጭነው ተወስደው ነበር። እኛ በየቤቱ በዱካ፣ በበርጩማ፣ በተገለበጠ ጄሪካን ላይ ተቀምጠን ድምፃችንን ዝቅ አድርገን እንዘምራለን። አንድ ቀን እናቴ ስኳር ለመውሰድ ይዛኝ ሄደች። ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ከግድግዳው ጥግ በተደረደሩ አግዳሚዎች ላይ ተቀምጧል። እናቴ ልትቀመጥ ስትል አጎነበሰችና ከሥሩ በእጇ ዳሰሰች። ከዚያ ተቀመጠች፣ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች፣ ዝም አለች። ቤት ስንገባ "የኛ ነው፤ ያ የተሰነጠቀው ሦስተኛው ረድፍ" አለችኝ። "ታዲያ ምን አደረግሽ?" ስላት "ምን አደርጋለሁ፣ እንደ ድሮው ጸለይኩበት" አለች።

ከዚያ ወዲህ ብዙ የነገረ መለኮት መጽሐፍ አንብቤያለሁ። ስለ ቤተ ክርስቲያን ዕቃ ግን ከዚያች መልስ የተሻለ አላገኘሁም።

እንዲህ ዓይነት እናት ያሳደገችኝ ሰው ግን ስለ ራሴም መናዘዝ አለብኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ጉባኤያችን የፕላስቲክ ወንበር ሲገዛ አሮጌዎቹን አግዳሚዎች ከሕንፃው ኋላ አወጣናቸው። አንድ ክረምት ሙሉ ዝናብ ወረደባቸው። በማግስቱ ዓመት ለኮንፈረንስ ወጥ ሲሠራ ማገዶ አነሰና ተፈልጠው ነደዱ። የፈቀድኩት እኔ ነኝ። አግዳሚዎቹን በወጣትነታቸው በነጻ የሠሩት አናጢ ሽማግሌ በትራቸውን ተደግፈው እሳቱን ሲያዩ ነበር። ምንም አልተናገሩም። እኔም በዚያን ቀን ምንም አልተሰማኝም፤ እንጨት እንጨት ነውና። ለእኅታችን የላክሁት መልስ እንቅልፍ የነሣኝ ለዚህ ይመስለኛል። እንጨቱን በማንደዴ አልተሳሳትኩም። የተሳሳትኩት እኚያን አባት ሳልጠይቅና ሳላመሰግን በማንደዴ ነው። በኋላ ቤታቸው ሄጄ ይቅርታ ጠይቄያለሁ።

ለእኅታችን የጻፍኩት ሁለተኛ መልስ

ለእኅታችን እንደ ገና ጻፍኩላት። ለእናንተም ይጠቅም እንደ ሆነ ፍሬ ነገሩን ላስቀምጥ።

አንደኛ፣ ኃጢአት አልሠራሽም። ጌታ ለሳምራዊቷ ሴት በዮሐንስ 4 እንዳስተማራት አምልኮ በቦታ አይታሰርም፤ በእንጨትም አይታሰርም። አግዳሚውን አትፍሪው፣ አትሳለሚውም።

ሁለተኛ፣ ከየት እንደ መጣ እወቂ። ሻጩን ጠይቀሽ የጸሎት ቤቱን ስም አግኚ፤ ለልጆችሽም ንገሪ። እዚህ ላይ ተቀምጠው ሰዎች ቃሉን ሰምተዋል፣ አልቅሰዋል፣ ልጆቻቸውን ድረዋል፤ ከልጅ ልጆቻቸው ግን ብዙዎቹ አልቀጠሉም። ይህን የሰማ ልጅ ስለ ራሱ እምነት መጠየቅ ይጀምራል።

ሦስተኛ፣ ቁጥሯን አታንሻት። ልጆቹ ምን እንደ ሆነች ሲጠይቁ የመቀመጫን ኪራይ ታሪክ ንገሪያቸው። ከዚያም እንግዳ በመጣ ጊዜ፣ በተለይ ሰው የማይጠራው እንግዳ፣ በዚያ አግዳሚ ላይ አስቀምጪው። በገንዘብ ሲከራይ የኖረ መቀመጫ በቤትሽ ነጻ ይውጣ።

አራተኛ፣ በቀን አንዴ፣ ለአጭር ጊዜ እንኳ ቢሆን፣ ለተሠራበት ዓላማ አውይው። መደርደሪያው ላይ መጽሐፍ ቅዱስ አኑሪ። ብልጣሶርና አቢዳራ የተለያዩት እዚህ ላይ ነው።

በመጨረሻም እናትሽን አታስገድጂ፣ አትከራከሪያቸውም። ጳውሎስ በሮሜ 14 እንደሚያስተምረን የወንድምን ሕሊና ማክበር የፍቅር ሥራ ነው። የእሳቸው ፍርሃት ከእኔ ግድየለሽነት ይልቅ ለእግዚአብሔር አክብሮት የቀረበ ሊሆን ይችላል።

ከጥቂት ወራት በኋላ መልስ ደረሰኝ። እናቷ አሁንም ወንበር እየሳቡ ነው የሚቀመጡት። ማታ ማታ ግን ከእራት በኋላ መዝሙረ ዳዊት ይነበባል፣ ይጸለያልም። እናትየው እንደ ልማዳቸው ለጸሎት ይቆማሉ። ልጆቹ አያታቸውን አይተው አብረው መቆም ጀምረዋል፤ ከዚያ እናትና አባትም ተነሡ። "ስለዚህ ፓስተር" ትላለች እኅታችን፣ "በጸሎት ሰዓት አግዳሚው ላይ የሚቀመጥ ሰው የለም።"

እግዚአብሔር ቤታችሁን ይባርክ። ጸጋ ከሁላችሁ ጋር ይሁን። አሜን።